ሕግ የሌለው ቁጥር ፍለጋ ወደ ፎገራ

መነሻ

በጥቅምት መባቻ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ አንድ የቆዳ ቦርሳ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ መቶ ቁጥር ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። ቦርሳውና ብርድ ልብሱ የማንም መንገደኛ ጓዝ ነው። ስለ ቁጥሮቹ ግን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የሄድኩትም ያፈርኩትም በእነሱ ምክንያት ነውና።

ሥራዬ ሂሳብ ማስተማር ነው። ያን ዓመት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፎገራን ሜዳ ምርት ለመገመት ፈለገ። ማሳውን ሁሉ መለካት ስለማይቻል ከመቶ ማሳ አርባው ተመርጦ እንዲለካ ተወሰነ። መራጩ ሰው ከሆነ ደግሞ ለመንገድ የቀረበውን፣ ጠላ የሚቀዳበትን ደጅ መምረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ምርጫው በዕጣ ይሁን ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ለዚህ ተብሎ በውጭ አገር የሚታተም የዕጣ ቁጥሮች መጽሐፍ አለ። ታዝዞ ነበር፣ አልደረሰም። እኔም መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቁጥር ሠራሁ።

አሠራሬ ቀላል ነበር። ከአሥራ ሦስት እነሣለሁ፤ ያለፈውን ቁጥር በሃያ አንድ አባዛለሁ፣ አሥራ ሰባት እጨምርበታለሁ፣ መቶ መቶውን ጥዬ የቀረውን እጽፋለሁ። እንዲህ ሲባል ከዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያሉት ሁሉ የተበታተኑ መስለው እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ አንድም አይደገምም። ከዚህ የበለጠ አድልዎ የሌለበት ነገር ምን አለ ብዬ ኮራሁ።

ውጭ አገር የሚማር ጓደኛዬ በዚያው ሰሞን ከአንድ የምርምር መጽሔት የተገለበጡ ጥቂት ገጾች ልኮልኝ ነበር። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮምፒዩተር ለሚሉት የሂሳብ መኪና አጭር ትእዛዝ ሰጥተህ ልታስወጣው የምትችለው የቁጥር ዝርዝር፣ ምንም ያህል የተዘበራረቀ ቢመስል ዕጣ አይባልም። ዕጣ የሚባለው ከራሱ ባጠረ ቃል ሊነገር የማይችለው ነው። ለማወቅ ከፈለግህ ሙሉውን ከመጻፍ በቀር መንገድ የለህም። አነበብኩት፣ የሥራ ፈት ነገር መሰለኝና አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ዓባይን ተሻግሮ

አውቶቡሱ እስከ ባሕር ዳር አሥር ብር አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ማር ነጋዴ ቁልቁለቱን አይወድም ኖሮ የዓባይ በረሃ ሲጀምር ዓይኑን ጨፈነ። ሐሳቡን ላስቀይር ብዬ ሳንቲም እንደሚወረውር ሰው ዘውድ ወይም ጎፈር እያለ ሃያ ጊዜ በቃሉ እንዲጠራልኝ ለመንኩት። ጠራ፣ እኔ ጻፍኩ። ቀጥሎ እውነተኛ ሳንቲም በጉልበቴ ላይ ሃያ ጊዜ ወረወርኩ። የእሱ ዝርዝር ውስጥ ጎፈር ከሁለት ጊዜ በላይ ተከታትሎ አልመጣም፤ የሳንቲሙ ላይ ግን አምስት ጊዜ ተከታተለ። ነጋዴው ሳንቲሙን ተቀብሎ ግራና ቀኙን አገላብጦ አየና የተበላሸ ነው፣ ቀይረው አለኝ። ሳቅን። ትምህርቱ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን ለጨዋታ ያህል ቆጠርኩትና ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ገባን። ረቡዕ ስለነበር ሐይቁ ዳር የተጠበሰውን ዓሣ በአፍንጫዬ ብቻ አልፌ ሽሮ በላሁ።

ወረታ

ሐሙስ በጭነት መኪና ወደ ወረታ ሄድኩ። የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ውኃው ገና ቡናማ ነው፤ ከዳርና ዳር ባሉት ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ከሰው ቁመት በላይ ጭድ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ በነሐሴ ውኃው እስከዚያ ደርሶ እንደነበር ነገረኝ። ወረታ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ የቆርቆሮና የሣር ቤቶች ናት። ገበያ ቀን ነበርና ኑግ፣ ሽንብራና ቅቤ ይሸጣል፤ አራት እንቁላል በአሥር ሳንቲም ገዝቼ አስቀቀልኩ።

የወረዳው ጸሐፊ ደብዳቤዬን አንብቦ ገበያ ከመጡት አንድ ሽማግሌ ጋር አገናኘኝ። አያ ቢያድግ ይባላሉ፤ ቁመታቸው ዘለግ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። አገራቸው በሜዳው መካከል፣ ወደ ጣና በኩል ነው። ልትለካ የመጣኸው ለግብር ነው ወይ ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁኝ፤ አይደለም አልኳቸው፤ ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በቅሏቸውን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው በእግር ቀደሙ።

ሜዳው እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው። ከታች ጥቁር ዋልካ፣ ከላይ ሰማይ፣ በመካከሉ ከብት ብቻ። የፎገራ ላም እስከ ሆዷ ሣር ውስጥ ቆማ ስትግጥ አይቶ የማይደሰት ሰው ያለ አይመስለኝም። በቅሎዋ ግን ጭቃው እስከ ጉልበቷ ሲውጣት እኔን በጎሪጥ ታየኝ ነበር። ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። አያ ቢያድግ ሳይስቁ፣ አሁን ሰው ሆንክ አሉኝ።

ያን ቀን እርጎና ትኩስ የሽንብራ ቆሎ አቅርበውልኝ፣ የራሳቸውን መደብ ለቀውልኝ አሳደሩኝ። ይህን የምጽፈው በማግሥቱ ያደረግኩት ነገር ክብደቱ እንዲታወቅ ነው።

ባህር ሽሽ

ውኃው ሲሸሽ የሚተወው መሬት ባህር ሽሽ ይባላል። በየዓመቱ ጎርፉ ድንበሩን ሁሉ ስለሚያጠፋው ባለመብቶቹ እንደገና ይከፋፈሉታል። እዚያ መንደር ሰባት የአንድ አያት ዘሮች ሰባት ችካል ተክለው ሰባት ቦታ ይለያሉ። ከላይ ያለው አንደኛ ቶሎ ይጠፈፍና ጓያውም ሽንብራውም ያምርበታል። ታች ያለው ሰባተኛ ግን እስከ ታኅሣሥ ውኃ ይተኛበታል፤ የዘራበት ዘሩን፣ ያልዘራበት ዓመቱን ያጣል።

አከፋፈሉ በዕጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ሳያየው ምልክት ይሰጣል፦ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የወይራ ስንጥር፣ አንዱ የፍየል በጠጥ፣ አንዱ ቁራጭ ገል። ምልክቶቹ በቅል ተደርገው፣ ማን ምን እንደሰጠ ለማያውቅ መንገደኛ ይሰጡታል። እሱ በየችካሉ ሥር አንዳንድ እያደረገ ይሄዳል። ሰዉ ከዚያ ምልክቱን ፍለጋ ይወጣል። ዳኛው መንገደኛው ነው፤ ዳኝነቱም ባለማወቁ ነው። ዘንድሮ መንገደኛው እኔ እንድሆን ተስማምተው ነበር።

አርብ ጠዋት ግን ከሰባቱ አንዷ፣ ወይዘሮ እታገኝ፣ ወደ ተቀመጥኩበት መጣች። የአያ ቢያድግ የሟች ወንድም ሚስት ናት፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቆማ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ሌሎቹም በሚሰሙበት ድምፅ ጠየቀችኝ።

«ጌታው፣ እርስዎ የቁጥር ሰው ነዎት አሉ። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሦስቱንም ዓመት ሰባተኛው ነው የደረሰኝ። ይኸ ዕጣ ነው?»

በየዓመቱ መንገደኛውን ፈልገው የሚያመጡት አያ ቢያድግ መሆናቸውን፣ ምልክቷንም ሹክ ይሉታል ብላ እንደምትጠረጥር አከለችልኝ። ዘንድሮም እዚያው ከጣላት ወረታ ወርዳ ልትከሳቸው፣ ከዚያም ድርሻዋን ትታ አንበሳሜ ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ቆርጣለች።

ዝም ማለት እችል ነበር። አንድ ቀን ላስብበት ማለትም እችል ነበር። ነገር ግን የቁጥር ሰው መባል ደስ አለኝና ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዕጣ እንዲህ አያደርግም፣ እጅ የገባበት ይመስለኛል ብዬ ተናገርኩ። አያ ቢያድግ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የወነጀልኩት ያበላኝን እጅ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት።

እንግዲያ አንተ እጅ የማይገባበትን አሳየን አሉኝ።

የመሪጌታው ጣቶች

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የሰው እጅ ሳይታወቀው ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ፣ የእኔ ቁጥሮች ግን ማንንም እንደማያውቁ አስረዳሁ። ምልክቶቹን በተሰጡበት ተራ እወስዳለሁ፤ የቁጥሩን መጨረሻ እያየሁ አንድ ከሆነ አንደኛው ችካል፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛው ላይ አደርጋለሁ፤ ዜሮ፣ ስምንትና ዘጠኝ ሲመጡ እዘላለሁ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊጠይቁ የተዘጋጁ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ምልክት ከመሰብሰቡ በፊት ቁጥሮቹን አንብብልን አሉኝ። አነበብኩ፦ አሥራ ሦስት፣ ዘጠና፣ ሰባት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አንድ፣ ዘጠና ስምንት፣ ሰባ አምስት፣ ዘጠና ሁለት።

«ቆይ» አሉ። ጣቶቻቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሲያንቀሳቅሱ ይታየኛል። «ቀጥሎ የሚመጣው መጨረሻው ዘጠኝ ነው።»

ደብተሩን አየሁ። አርባ ዘጠኝ።

«ከዚያ ስድስት። ከዚያ ሦስት ሆኖ እንደ መጀመሪያው ይዞራል።»

አርባ ስድስት፣ ሰማንያ ሦስት። መሪጌታው መጨረሻው ላይ ሰባት ሰባት እየጨመረ፣ አሥር ሲሞላ አሥሩን እየገደፈ እንደሚሄድ ለሰዎቹ አስረዱ። እሳቸው ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡት ወንበር የሚሉትን ቁጥር በአሥራ ዘጠኝ አባዝተው፣ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፈው መጥቅዕ የሚባለውን ቀሪ በማግኘት ነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈጠርኩት ያልኩት ነገር ለእሳቸው የልጅነት ትምህርታቸው ኖሯል። እየሠራሁት ሳለ መጨረሻዎቹን ለይቼ አለማየቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ይኸ ዕጣ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «በሕግ የሚመጣ ነው፣ እንደ በዓል። የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ሆኖ ምልክቱን አይሰጥም፤ ሰባተኛው ችካል ይጠብቀዋላ። ደግሞስ አንድ ስንኳ ሳይደገም ሁሉም በየተራው የሚወጣው ምን ዓይነት ዕጣ ነው?»

የመጨረሻው ጥያቄ መታኝ። የማር ነጋዴው፣ አምስቱ ጎፈር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፎ የተኛው ጽሑፍ አንድ ላይ መጡብኝ። የእኔ ዝርዝር የተዘበራረቀ መስሎ በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያልቅ ነው። እውነተኛ ዕጣ ደግሞ አንዳንዴ ይደግማል፤ አለመድገሙ ነው የሚያጠራጥረው። ለወይዘሮ እታገኝ በልበ ሙሉነት የነገርኳት ቃል ተገልብጦ መጣብኝ። ሰባት ቤተሰብ ለዓመታት ዕጣ ሲጣጣል፣ አንዱ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አለማግኘቱ ይልቅ ያስደንቅ ነበር።

ከሁሉም ፊት ቆሜ ጠዋት የተናገርኩት ስሕተት መሆኑን፣ መደጋገሙ ብቻውን በአያ ቢያድግ ላይ ምንም እንደማይመሰክር ተናገርኩ። ወይዘሮ እታገኝ መሬት መሬት አየች። አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም። አያ ቢያድግ ቅሉን ለወይዘሮ እታገኝ ራሷ አስያዟት፤ እኔን ደግሞ መሪጌታው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወስደው ፊቴን አዞሩኝና ምልክቱ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አብረውኝ ቆሙ።

ሰባቱ ችካሎች

ቅሉን አናወጥኩት። ሰማይ ሰማይ እያየሁ እጄን እየከተትኩ በየችካሉ ሥር አንዳንድ ጣልኩ። ለዚህች ሴት ጥሩ መሬት እንዲደርሳት ተመኘሁ፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ ባለማወቄም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ባውቅ እጄን የማምነው አልመሰለኝምና።

ጨርሼ ስመለስ ሰዎቹ ወጡ። አያ ቢያድግ አራተኛው ላይ ቆመው ስንጥራቸውን አነሡ። ወይዘሮ እታገኝ አንደኛውን አየች፣ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛውንም። ስድስተኛው ጋ ደርሳ ጎንበስ አለች፤ ቀና ብላ ሄደች። ሰባተኛው ሥር ቁራጭ ገል ነበር። አነሣችው።

ገሏን በመዳፏ ይዛ በጭቃው ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ተመልሳ መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ገሉ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እናቴ።»

«ማንም አልነገረህም?»

«ማንም።»

ገሏን አገላብጣ አየችው።

«እንግዲያ የዚያን ጊዜዎቹ መንገደኞችም አያውቁኝም ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ አያ ቢያድግ ዞራ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፉ እንዳሰበችባቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም ማሰቧን ያውቁ እንደነበር፣ ከቤታቸው ደጅ እህል መቅመስ ያቆመች ዕለት እንደገባቸው ነገሯት። ሁለቱም አላለቀሱም። አያ ቢያድግ ዶማ አስመጡና ስድስቱ ባለዕጣዎች ከሰባተኛው ቦታ ወደ ጉማራ የሚወርድ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ይህን ያላደረጉት መሬቱ የጠብ መሬት ስለነበር ነው። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ እስከ ቀትር አብሬ ቆፈርኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

ወንዛዬ

ቅዳሜ ማለዳ አያ ቢያድግን ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አንሥተው ሳሙኝና ለመንገዴ አንድ ቅል ወተት ሰጡኝ። መሪጌታው ለጉልበታቸው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊሄዱ ነበርና አብሬያቸው ሄድኩ፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ።

ወንዛዬ ውኃው ከድንጋይ ሥር እየተንተከተከ ይወጣል። በሽተኛው፣ ደህናው፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይነከራል። እስከ አንገታችን ገብተን ስለ ጽሑፉ አጫወትኳቸው። መሪጌታው የአንድ ሺህ ዓመት ፋሲካ በአንድ የብራና ቅጠል በሚጻፍ ሕግ እንደሚወጣ ያውቃሉና ነገሩ ፈጥኖ ገባቸው። ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ የጽሑፉ ሥር እሱ ነበር።

«አንድ ዝርዝር ሰጥተውኝ ሕጉን ባጣው፣ የለውም ማለት እችላለሁ?»

አይችሉም አልኳቸው። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ማንኛውም ዝርዝር ሲቀርብለት አጭር ሕግ አለው ወይም የለውም ብሎ ሳይሳሳት የሚፈርድ መኪና ሊሠራ እንደማይችል በማስረጃ ታውቋል። ዛሬ አንዱ ያጣውን ነገ ሌላው ሊያገኘው ይችላል።

መሪጌታው እንደ ልጅ ሳቁ። «አለ ብሎ መመስከር ይቻላል፤ የለም ብሎ መመስከር ግን አይቻልም በለኛ» አሉ። ይህን እያሰላሰሉ ብዙ ቆዩ።

ከውኃው ስንወጣ አሥር ገል ሰብስበን በከሰል ቁጥር ጻፍንባቸው። በግእዝ ለዜሮ ፊደል ስለሌለ በእሱ ፋንታ ፲ ተጻፈ። በቅል እያናወጥን፣ አንዱን አውጥተን እየመለስን፣ ሁለት ሁለቱን ቁጥር አጣምረን የአንድ ማሳ ቁጥር እያደረግን፣ አርባውን ማሳ መረጥን፤ እኔ አወጣለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አንድ ቦታ ላይ አራት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። እጄ ሳላዘው ገሉን ሊቀይር ሲል መሪጌታው ያዙኝ። ተወው፣ እሱ ያውቃል ብለው ጻፉት። ማሳዎቹን ከወረዳው ሰዎች ጋር እየዞርኩ ስለካ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየሁ።

መመለስ

አዲስ አበባ በኅዳር መጀመሪያ ገባሁ። አለቃዬ ዘገባዬን አገላብጠው ማሳዎቹን በየትኛው ሕግ እንደመረጥኩ በአንድ መስመር ጽፌ አያይዤ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። በአንድ መስመር የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ ዕጣ እንዳልነበረ ነገርኳቸው፤ ያለኝ በመሪጌታው እጅ የተጻፈው ሁለት ገጽ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚያጥር የለኝም።

ገጾቹን ይዘው ትንሽ አሰቡ። እንግዲያ ምንም ሕግ የለውም ብለህ ፈርምበት አሉኝ።

ብዕሬን አነሣሁና ቆምኩ። ወይዘሮ እታገኝ ገሏን በመዳፏ ይዛ በጭቃው ውስጥ ስትመጣ ታየችኝ። የለውም ብዬ መፈረም አልችልም አልኳቸው። ከታች የጻፍኩትና የፈረምኩበት ቃል ይህ ነው፦ «እነዚህ ቁጥሮች ሲወጡ የማን ማሳ እንደሚነኩ አላውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረኝም።»